እኔ ያረዘምኩት ፏፏቴ

ኋላ ከምትታዘቡኝ አሁኑኑ ታዘቡኝና ይውጣልኝ፤ የአዋሽን ፏፏቴ በዓይኔ ሳላየው አራት ዓመት ሙሉ አውርቼዋለሁ። ማውራት ብቻ ቢሆን ደግ ነበር፤ አሳድጌዋለሁ። በመጀመሪያው ዓመት ቁመቱ አንድ ፎቅ ቤት ያህል ነበር። በሁለተኛው ዓመት ከመስጊዱ ሚናራ በለጠ። በሦስተኛው ዓመት ለገሃር አጠገብ በብረት እግሮቹ የቆመውን፣ ድሮ የእንፋሎት ባቡሮቹን ውሃ ያጠጣ የነበረውን ታንከር መለኪያ አድርጌ አንዱን በአንዱ ላይ መደራረብ ጀመርኩ። ይህ የማወራችሁ ነገር ሲደርስብኝ አምስተኛው ታንከር ላይ ነበርኩ። ሰው ባይነካኝ ኖሮ አሥር አደርሰው ነበር።

«ይሄማ ቀጣፊ ነው» የምትሉ ካላችሁ የድሬዳዋን ከሰዓት በኋላ አታውቁትም ማለት ነው። ስድስት ሰዓት ሲሆን ቢሮው ይዘጋል፣ ሱቁ ይዘጋል፣ ባለጋሪው ፈረሱን ከዛፍ ጥላ ሥር አቁሞ ራሱ ከጋሪው ሥር ይተኛል። ወንዱ ሱሪውን አውልቆ ሽርጡን ያገለድማል፣ ፍራሹ ላይ ጋደም ይላል፣ በርጫው ይጀመራል። ጫቱ ከአወዳይ ይመጣል፤ ወሬው ከየትም ይመጣል። የበርጫ ወሬ ደግሞ የራሱ ሕግ አለው፤ ማስረጃ አይጠየቅበትም። ጓደኛዬ አብዲ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ የምንቅመውም መጋላ ካለው ቤቱ ነው። አብዲ አንድ ጊዜ ከነመኪናው የመን ገብቶ መመለሱን ነግሮናል። መሐል ላይ ባሕር እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን። ነገር ግን «ባሕሩንስ በምን ተሻገርከው?» ያለው ሰው የለም፤ ነውር ነዋ! ምርቃናው ሲመጣ እኛ ያልሠራነው ነገር የለም። ፋብሪካ አቁመናል፤ ሐረር ድረስ ሐዲድ ዘርግተናል፤ ደረቁን የደቻቱ ወንዝ ዓመቱን ሙሉ ውሃ ሞልተን ጀልባ አንሳፍፈንበታል። አመሻሽ ላይ ሁሉም ሽርጡን አራግፎ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ በማግስቱ «ፋብሪካው የት ደረሰ?» ብሎ የሚጠይቅ የለም።

እኔ በባቡሩ ዕቃ መጋዘን ጸሐፊ ነኝ። ሥራዬ የሌላ ሰው ሻንጣ ወዴት እንደሚሄድ መጻፍ ነው፤ እኔ ራሴ የትም አልሄድም። ስለዚህ ለበርጫው የማዋጣው ተአምር አልነበረኝም። ያ የአዋሽ ፓርክ የሚባለው ተከልሎ ፈረንጁ ካሜራውን አንጠልጥሎ መጉረፍ ሲጀምር ግን ሻንጣው ሁሉ በእጄ ያልፍ ጀመር። «አዋሽ፣ አዋሽ» ብዬ ስጽፍ ስጽፍ ውዬ ቦታው የእኔ የሆነ መሰለኝ። አንድ ቀን አብዲ የመኑን ሲጨርስ፣ «እኔ ደግሞ አንድ ፏፏቴ አየሁ» አልኩና አረፍኩት። ከዚያ ወዲያ ማን ይመልሰኝ! ፏፏቴው ላይ ሐይቅ ጨመርኩበት፤ ውሃው የሚጣፍጥ፣ ዓሣው ራሱ እጅ ላይ የሚወጣ። ከፏፏቴው ጀርባ ደግሞ ደረቅ የድንጋይ መደብ አለ፤ ውሃው ከፊት ከፊት እየወረደ ሰው አንድ ጠብታ ሳይነካው ምሳውን የሚበላበት። መደቧን በጣም እወዳት ነበር።

ታዲያ ማን ነካኝ? ጋሽ ታደሰ።

ጋሽ ታደሰ የብርቄ ወንድም ናቸው። ብርቄ ከዚራ በሚባለው ሰፈር አስተማሪ ናት፤ እኔም ሁለት ዓመት ሙሉ ደብተር በምታርምበት መስኮት ሥር ስመላለስ ጫማ የጨረስኩ ሰው ነኝ። እሷም ጠልታኝ አይደለም፤ ሰላምታዬን በሳቅ ነው የምትመልሰው። ነገር ግን አባትና እናታቸው በጊዜ ስለሞቱ ያሳደጓት ወንድሟ ናቸው። «ከጋሼ ቃል አልወጣም» ብላ ቁርጤን ነግራኛለች። እሳቸው ደግሞ አዲስ አበባ ሆነው ባቡር ሲጠግኑ ኖረው ገና ባለፈው ወር ነው ወደ ድሬ የተዛወሩት። እኔም ጊዜ አላጠፋሁም፤ ሽማግሌ ላክሁ።

ሽማግሌዎቹ ተመልሰው የነገሩኝ ይህን ነው። ጋሽ ታደሰ «ሀብት አልጠይቅም፣ ዘር አልቆጥርም» አሉ። «አባታችን በሐሰተኛ ምስክር ከርስቱ ተነቅሎ በሰው ደጅ የሞተ ሰው ነው። እኅቴን የምሰጠው አፉና ልቡ አንድ ለሆነ ሰው ብቻ ነው። ልጁን ራሴ ልየው።» ሽማግሌዎቹም፣ እድሜ ይስጣቸውና፣ «ከሰዓት በኋላ አብዲ ቤት አያጡትም» ብለው መከሯቸው። በዚህ ዓለም ላይ እኔን ለማየት ሃያ ሦስት ደህና ሰዓት እያለ የመረጡልኝ ሰዓት ይህ ነው።

መጡ። ረጅም፣ ቀጥ ያሉ፣ አንድ እግራቸውን ትንሽ የሚስቡ ሰው ናቸው፤ ድሮ ጋራዥ ውስጥ ብረት ወድቆባቸው ነው። ኮታቸውን አላወለቁም። ጫት አይቅሙም። ፍራሹ ላይ ቢሮ እንደተቀመጠ ሰው ቀጥ ብለው ለውዝ እየፈለፈሉ ማዳመጥ ጀመሩ። አብዲ ከልቡ አዘነላቸው።

«አንተ ጋሽ ታደሰ፣ ተደገፍ እንጂ አቦ!» አላቸው።

አንቱታ ድሬ ሲደርስ ሙቀቱን አይችልም። ጋሽ ታደሰ ቅንድባቸውን አንስተው አዩትና ለውዛቸውን ቀጠሉ። አብዲ የመንን አወራ። እኔም ተራዬ ደረሰ፤ ምርቃናዬም ደርሷል። እንደዚያን ቀን አውርቼ አላውቅም! አምስቱን ታንከሮች ደረደርኩ፤ ሐይቁን አጣፈጥኩ፤ መደቧ ላይ አስቀምጬ ምሳ አበላኋቸው። ስጨርስ ጋሽ ታደሰ ለውዙን አስቀመጡ።

«ይህን ሁሉ በዓይንህ አይተኸዋል?» አሉኝ።

እስቲ አስቡት፤ በድሬዳዋ በርጫ ታሪክ እንዲህ ያለ ጥያቄ ተጠይቆ አያውቅም። ጠርዝ ላይ የነበረው ሰው ሳይቀር ማኘኩን አቆመ። እዚያው ላይ «አይ ጋሼ፣ ጨዋታ ነው» ብል ኖሮ ነገሩ ባለቀ። አፌን በቆረጠው!

«ሦስት ጊዜ!» አልኩ።

ጋሽ ታደሰ ራሳቸውን ነቀነቁ። ፊታቸው ላይ ልጅነት የመሰለ ነገር ሲመጣ አየሁ።

«እንግዲያው ቅዳሜ ውሰደን» አሉ። «እንዲህ ያለ ነገር እዚህ አጠገባችን ኖሮ ሳላየው አልሞትም።»

እንዲህ ነው እንግዲህ የተያዝኩት። እሳቸው ከሄዱ በኋላ አብዲ ክንዴን ጨምድዶ ያዘኝ።

«ዋርያ! ሂድ ንገረው። ‹የበርጫ ወሬ ነው› በለው። ሰውየው አዲስ ነው፤ የእኛን ነገር አያውቅም።»

«አልነግራቸውም» አልኩት።

«ዋላሂ ትዋረዳለህ!»

«ውሃ መቼም ውሃ ነው። ከላይ ወደ ታች ይወርዳል። ማን ይለካዋል? እንሄዳለን፣ እናያለን፣ እንመለሳለን፣ አገባታለሁ።»

እኔ አንድ ጊዜ ከወሰንኩ ወሰንኩ ነው። እናቴ ከማኅፀን የወጣሁት በሦስተኛው የምጥ ቀን እንደሆነ ስታወራ የእልኬን ምንጭ እዚያ ነበር የምታገኘው። አብዲም ጠባዬን ስለሚያውቅ ተወኝ፤ «እኔም እሄዳለሁ፤ ሬሳህን የሚያመጣ ሰው ያስፈልጋል» ብሎ አጽናናኝ።

እስከ ቅዳሜ ድረስ ፏፏቴውን አየሁ የሚል ሰው ፍለጋ ለገሃሩን አሰስኩት። አንድ የባቡር ትኬት ተቆጣጣሪ «አዎ፣ አለ» አለኝ። «እንዴት ያለ ነው?» ብለው አሰብ አደረገና «ውሃ ነው» አለኝ። ከዚህ የበለጠ መረጃ አላገኘሁም። ዓርብ ዕለት ደግሞ ደቻቱን ስሻገር ድልድዩ ላይ ከብርቄ ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠምን። ደብተሮቿን እንዳቀፈች ቆመች።

«ጋሼን ምን አድርገኸው ነው?» አለችኝ እየሳቀች። «ሦስት ቀን ሙሉ ስለ ፏፏቴ ነው የሚያወራው። ጫማውን ሁለት ጊዜ ቀባው። እኔ እሱ የሆነ ቦታ ለመሄድ ሲቸኩል አይቼ አላውቅም እኮ።»

«ይወዱታል» አልኩ።

ሳቋን ገታ አደረገች። «እውነት ነው አይደል? እንዳልከው ነው? እሱ አንድ ጊዜ ልቡ ከቀረ አይመለስም።»

«እንዴ ብርቄ!» አልኳት፤ የተቆጣሁ መሰልኩ። ዓይኔን በጨው አጥቤ።

ቅዳሜ ጠዋት ሊቶሪናው፣ ማለት ፈጣኑ ባቡር፣ ሊነሳ ሲል ጋሽ ታደሰ ምሳቸውን በሳህን ቋጥረው፣ ኮዳቸውን በትከሻቸው አንግተው መጡ። ሌላኛው ትከሻቸው ላይ ትልቅ የገመድ ጥቅልል አለ። ገመዱ በየሜትሩ ተቋጥሯል፤ ጫፉ ላይ የቡጢ ያህል ብሎን ታስሮበታል።

«ምንድን ነው ጋሼ?» አልኩ።

«መለኪያ ነው። እኔ አንድን ነገር ካልለካሁት ያየሁት አይመስለኝም። ያንን ታንከር ትናንት ወጥቼ ለካሁት፤ አሥራ ሁለት ሜትር ነው። አምስት ታንከር ስልሳ ሜትር ማለት ነው። ለጥንቃቄ አምስት ሜትር ጨምሬበታለሁ።»

አብዲ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ፤ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር። እኔ ውሃ ሆንኩ። ባቡሩ ሲንቀሳቀስ «አሁንም መውረድ ትችላለህ» የሚል ድምፅ ከውስጤ ሰማሁ፤ አልወረድኩም። ቢያንስ ገመዱ ይጠፋል ብዬ ተስፋ አደረግኩ። ሚኤሶ ላይ ፍየል ገመዱን ልትበላ ጀምራ ነበር፤ ጋሽ ታደሰ አባረሯት። ያቺን ፍየል ዛሬም አልረሳትም።

ከቀትር በኋላ መተሐራ ወረድን። መጀመሪያ ሐይቁን እናያለን። የበሰቃ ሐይቅ ከከተማው አጠገብ፣ ከጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ መሐል ተኝቷል፤ ማዶ የፈንታሌ ተራራ ቆሟል። እውነቱን ልንገራችሁ፤ ያምራል። ልቤ ትንሽ መለስ አለ። አብዲ ግን ሙሉ ቀን ባቡር ላይ ደርቆ ነበርና «ያ የሚጣፍጠው ውሃ ይሄ ነው?» ብሎ ማንም ሳይቀድመው በሁለት እጁ ዝቆ ተጎነጨ። ዓይኑ ፈጠጠ። የጠጣውን ጥቁሩ ድንጋይ ላይ ተፋው።

«ሳሙና ነው!» ብሎ ጮኸ። «ዋላሂ የልብስ ሳሙና ነው!»

ጋሽ ታደሰ ጣታቸውን ነክረው ቀመሱና ወደ እኔ ዞሩ። እኔ ግን ተዘጋጅቻለሁ፤ ውሳኔ ላይ ያለ ሰው ምክንያት አያጣም።

«በበጋ እንዲህ ነው» አልኩ። «የሚጣፍጠው ክረምት ላይ ነው። ዓሦቹም ያኔ ነው የሚመጡት።»

«አሃ» አሉ ጋሽ ታደሰ። አመኑኝ! ጭራሽ ለአብዲ «ወቅቱን መጠየቅ ነበረብን» ብለው አስረዱት። አብዲ ምላሱን በሽርጡ ጫፍ እየጠረገ አየኝ። ሰው ሲጠራጠረኝ አውቅበታለሁ፤ ሲያምነኝ ግን ምን እንደማደርግ ጠፋኝ።

እሁድ በጠዋት የአብዲ ወዳጅ የሆነ ሹፌር በጭነት መኪናው ፓርኩ ውስጥ አስገብቶ ከወንዙ አጠገብ ጣለን፤ ሲመሽ መጥቶ ሊወስደን ተቀጣጠርን። ገና ሳናየው ድምፁ ተሰማ። ያ ድምፅ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ። የአዋሽ ወንዝ ከዐለቱ ጫፍ ላይ በብዙ መንገድ ተከፍሎ፣ ቡናማና ነጭ ሆኖ ገደል ይገባል፤ ከሥር ጭስ የመሰለ ውሃ ይነሳል፤ ዳር ላይ አዞ አፉን ከፍቶ ተኝቷል። ቆሜ ቀረሁ። አራት ዓመት ሙሉ ያወራሁት ነገር ለካ በእውነት ኖሯል! «ይኸው!» ብዬ ልጮህ አፌን ስከፍት ጋሽ ታደሰ ብሎኑን ጥለውት ነበር።

ገመዱ ሄደ፣ ሄደ፣ ቆመ። ጋሽ ታደሰ ቋጠሮዎቹን አንድ በአንድ ቆጠሩ። ተጠራጥረው ሰቡትና ሌላ ቦታ ሄደው ደግመው ጣሉት። ቆጠሩ።

«አሥራ አንድ» አሉ።

እግራቸው ሥር የቀረውን የገመድ ጥቅልል ሦስታችንም አየነው። ፏፏቴው አንዷን ታንከር እንኳ አልሞላም። «እንግዲህ አለቀልኝ፤ ቢያልቅም ይሻላል» አልኩ በሆዴ። እሳቸው ግን ገመዱን ረጋ ብለው መጠቅለል ጀመሩ።

«ይሄ አይደለም» አሉ። «ይሄ ትንሽ ነው። ያንተ ሌላ መሆን አለበት።»

ገባችሁ? ሰውየው እኔን ከመጠራጠር ፏፏቴውን መጠራጠር መረጡ! ዓለም ላይ ያለውን ትክክለኛውን የአዋሽ ፏፏቴ በእኔ ቃል ምክንያት ሰረዙት። እዚህ ላይ የሰው ልጅ ሁሉ እግራቸው ላይ ወድቆ ይናዘዛል። እኔ ግን የሚከተለውን አልኩ፤

«አዎ፣ ይሄ ትንሹ ነው። ትልቁ ወደዚያ ነው።»

ጣቴም የፈንታሌን ተራራ አሳየ። ለምን ተራራውን? በአካባቢው ረጅም ነገር እሱ ብቻ ስለነበረ ነው። አብዲ እንደ መታነቅ ያለ ሳል ሳለ። ጋሽ ታደሰ ገመዳቸውን አነገቱ፣ የተሰበረች እግራቸውን አስቀደሙ፣ ጉዞ ጀመርን።

የሄድነውን መንገድ አላወራችሁም፤ መንገድም የለውም። ሜዳው ደረቅ ሣር ነው፤ ፀሐይዋ አናት ላይ ተቀምጣለች። ሳላዎቹ ቀንዳቸውን አቅንተው «እነዚህ ደግሞ ወዴት ናቸው?» በሚል ዓይን አዩን። ተራራው እየቀረበ ሳይሆን እየሸሸ ይሄዳል። እኔ ከፊት ሆኜ «ትንሽ ነው የቀረው» እላለሁ፤ ከየት እንደማመጣው እንጃ። በየመቶ እርምጃው ምድር ተሰንጥቃ ስልሳ ሜትር ውሃ ብታመነጭልኝ ብዬ ከልቤ ጸለይኩ። አብዲ እኔ አጠገብ ሲደርስ በአሽሙር «የት ድረስ ነው? የመን?» ይለኛል።

ከሁለት ሰዓት በኋላ ግመሎቹን የሚነዳ አንድ የከረዩ ሽማግሌ አገኘን። አብዲ በኦሮምኛ ሰላምታ አቀረበለት። ጋሽ ታደሰ «ትልቁ ፏፏቴ ስንት ሰዓት እንደሚያስኬድ ጠይቅልን» አሉት። አብዲ ጠየቀ። ሽማግሌው አንድ በአንድ አየን፤ ዓይኑ ጋሽ ታደሰ እግር ላይ ቆየ። ከዚያ ረጅም ነገር ተናገረ። ድሬ ያደገ ሰው ኦሮምኛ አይጠፋውምና ቃል በቃል ገባኝ። «ወደዚያ ውሃ የሚባል የለም። አዋሽ ያለው ያ አንድ ብቻ ነው። በዚህ ፀሐይ ይህን አንካሳ ሰው ወዴት ነው የምትወስዱት? አትፈሩም?» ነው ያለው።

አብዲ ወደ እኔ ዞረ፤ አየኝ፤ ወደ ጋሽ ታደሰ ዞረ።

«ትንሽ ይቀራል ይላል» አላቸው።

ሽማግሌው ራሱን እየነቀነቀ ግመሎቹን ይዞ ሄደ። አብዲ በጆሮዬ «ኸላስ፣ በቃ!» አለኝ። የሚቀልድበት ድምፅ አልነበረም። «ለአንተ ስል አላህ ፊት ዋሸሁ። ይሄ ሰውዬ ይሞትብናል፤ ንገረው።»

ከዚያ በኋላም ሩብ ሰዓት ያህል ሄጃለሁ። ይህን የምነግራችሁ የእልኬን ልክ እንድታውቁት ነው። ያቆመኝ ፀሐይዋ አይደለችም፤ ሽማግሌውም አይደለም። ጋሽ ታደሰ አንዲት የግራር ጥላ ሥር ሲደርሱ ቆሙና ጫማቸውን አወለቁ፤ ካልሲያቸው በደም ርሷል። ኮዳቸውን ከትከሻቸው አወረዱ፣ ነቀነቁት፤ ታች አንድ ጉንጭ የማይሞላ ውሃ ተሰማ። እኔ ይጠጣሉ ብዬ ስጠብቅ ኮዳውን ዘረጉልኝ።

«ጠጣ» አሉኝ።

«እርስዎ ይጠጡ እንጂ ጋሼ!»

«መንገዱን የምታውቀው አንተ ነህ» አሉኝ። «አንተ ከደከምክ ማን ያደርሰናል? ጠጣ።»

ኮዳውን ያዝኩት። በሕይወቴ እንደዚያች ሰዓት አፍሬ አላውቅም፤ ዕንባዬም መጣ፣ ለመደበቅም አልሞከርኩ።

«ጋሼ፣ የለም» አልኩ።

«ምኑ?»

«ትልቅ ፏፏቴ የሚባል የለም። ጠዋት ያየነው እሱ ነው፤ ሌላ የለም። እሱንም ቢሆን ዛሬ ነው ያየሁት። አንድም ጊዜ መጥቼ አላውቅም። ሐይቁም አይጣፍጥም፤ ክረምትም አይጣፍጥም። የበርጫ ወሬ ነው። እዚያው ልነግርዎት ይገባኝ ነበር፤ ብርቄን እንዳላጣት ፈርቼ ነው።»

አብዲ መሬቱን በእንጨት ይጭራል። ጋሽ ታደሰ ረጅም ጊዜ ተራራውን አዩ።

«ከጀርባው አለ ያልከው መደብስ?» አሉኝ በመጨረሻ። «ሰው ምሳውን የሚበላበት?»

«እሱም የለም።»

«እኔ እሱን ብዬ ነበር የመጣሁት» አሉ። ድምፃቸው አልከረረም፤ ቢከር በወደድኩ። «ሠላሳ ዓመት ባቡር ስጠግን ሰው ሁሉ በእኔ ባቡር የሆነ ቦታ ይሄዳል። ‹ና አንድ ነገር ላሳይህ› ያለኝ ሰው አንተ የመጀመሪያው ነህ።»

ከዚያ በኋላ አልተናገሩም። ውሃዋን ግድ ብዬ አጠጣኋቸው። አብዲ ሽርጡን ቀዶ እግራቸውን አሰረላቸው፤ አንድ ክንዳቸውን እኔ፣ አንዱን አብዲ ይዘን ያንን ሁሉ ሜዳ ተመለስን። ገመዱን እኔ ተሸከምኩት። ስልሳ አምስት ሜትር ገመድ ምን ያህል እንደሚከብድ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ የዋሸሁትን ሁሉ ሜትር በሜትር ተሸከምኩት።

ፏፏቴው ጋ ስንደርስ ፀሐይዋ ዘንበል ብላ ነበር። ከአዞው ራቅ ብለን ውሃ ውስጥ ጭንቅላታችንን ነከርን። ጋሽ ታደሰ ዐለቱ ጠርዝ ላይ ቀጥ ብለው ተቀመጡ፣ የምሳ ቋጠሯቸውን ፈቱ፣ ለእኔና ለአብዲም ቆርሰው ሰጡን። ውሃው ሲወድቅ የሚነሳው ጠል ፊታችን ላይ ያርፋል፤ ምሳችንንም አራሰው። እሳቸው ዓይናቸውን ከውሃው ላይ ሳይነቅሉ ያኝካሉ። ተቆጥተው ይሁን ደስ ብሏቸው ማወቅ አልቻልኩም፤ ለመጠየቅም ወኔ አልነበረኝም። መኪናው መጥቶ አብዲ «እንሂድ» እስኪላቸው ድረስ ከዚያ አልተነሱም።

ባቡር አመለጠንና መተሐራ አደርን። ጋሽ ታደሰ በሠላሳ ዓመት ውስጥ ከሥራ ቀርተው አያውቁም ነበር፤ ሰኞ ዕለት በእኔ ምክንያት ቀሩ። ባቡሩ ላይም ዝም እንዳሉ ነው። ዝምታቸው ከስድብ ይብሳል። ብርቄን እንዳጣኋት እርግጠኛ ሆንኩ፤ እያንዳንዱ ጣቢያ ሲያልፍ አንድ ነገር ይቀነስብኛል። ቢሆንም አንድ ነገር ወስኛለሁ፤ አልሸሽም። ከእሳቸው ጎን እወርዳለሁ፣ በእሳቸው ፊት እሰናበታታለሁ።

ስድስት ሰዓት ላይ ድሬ ገባን። ለገሃሩ ይጋያል። ብርቄ ከትምህርት ቤት ለምሳ ወጥታ ከጥላው ሥር ቆማለች፤ እሁድ ስንቀር እንቅልፍ እንዳልተኛች ከዓይኗ ያስታውቃል። እየሮጠች መጣች።

«የት ጠፍታችሁ ነው? ጋሼ፣ እግርህ ምን ሆነ?»

«ምንም» አሉ ጋሽ ታደሰ።

«ፏፏቴውስ?» አለች። ወንድሟን አየች፣ እኔን አየች፤ ፊቷ ላይ ያለው ፍርሃት ስለ እግራቸው ብቻ አልነበረም። «እንዳለው ነው?»

እኔ አቀረቀርኩ። አብዲ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ዱዓ ጀመረ። ጋሽ ታደሰ ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ ላባቸውን ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ።

«ከነገረን ይበልጣል» አሉ።

አብዲ ዱዓው አፉ ላይ ቀረ። የብርቄ ፊት በራ። ጋሽ ታደሰ በእጃቸው ጋሪ ጠሩ፤ «ለአለቃዬ ትናንት ያልመጣሁበትን ሄጄ ልንገረው» ሲሉ ቀኑን እንኳ ስተውታል። ክንዳቸውን ይዤ ጋሪው ላይ ሳወጣቸው ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አሉ።

«ለሰው ብዬ ስዋሽ የመጀመሪያዬ ነው» አሉኝ። «ሁለተኛ እንዳታስዋሸኝ።»

ጋሪው ሄደ። አብዲም ሥራ እንዳለው ሰው ፈጥኖ ከፊታችን ጠፋ። ብርቄ ገና ፈገግ እንዳለች ናት።

«ጋሼ ምን አለህ?» አለችኝ።

የአራት ዓመት ልማድ ቀላል አይደለም፤ ምላሴ ላይ ሦስት ጥሩ ጥሩ መልሶች ወዲያው መጡልኝ። ሦስቱንም ዋጥኳቸው።

«ነይ፣ ጥላው ሥር ቁጭ በይ» አልኳት። «ያንን ፏፏቴ እስከ ትናንት ድረስ አይቼው አላውቅም።»